ዳግም ናሙና፦ ስለ ቡትስትራፕ ስሌት

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1979 ብራድሊ ኤፍሮን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ለስታቲስቲክስ ትምህርት ያበረከተውና በዓለም ሁሉ «ቡትስትራፕ» እየተባለ የሚጠራው የስሌት ዘዴ በእኛ ቋንቋ «ዳግም ናሙና» ቢባል ግብሩን በሚገባ የሚገልጽ ይመስለኛል፤ የእንግሊዝኛው ስም የቦት ጫማ መሳቢያ ጥብጣብ ነውና፣ ቃል በቃል ቢተረጐም ለአንባቢው የሚፈይድለት ነገር የለም።

በሀብሩ ወረዳ 20 የማሽላ ማሳዎች ተመርጠው በእያንዳንዱ የበቀለው አቀንጭራ ተቈጠረ እንበል። ይህ ጥገኛ አረም በማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን የሚመጥ፣ ዘሩም እንደ ትቢያ የደቀቀ ሆኖ በጎርፍና በከብት እየተጓዘ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዘመን የሚቈይ ስለ ሆነ፣ በብዙው ማሳ ጥቂት፣ በጥቂቱ ማሳ ግን እጅግ ብዙ ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ በደወል መሰል ሥርጭት ላይ የተመሠረተው የቀድሞው ቀመር እዚህ ላይ ብዙ አያስተማምንም። ዳግም ናሙና ግን ከ20ው ቍጥር አንዱን በዕጣ አውጥቶ ይመዘግባል፣ ወደ ቦታው መልሶም 20 እስኪሞላ ድረስ ደግሞ ደጋግሞ ያወጣል፤ አንዱ ማሳ ሦስት ጊዜ ሊወጣ፣ ሌላው ጨርሶ ሊቀር ይችላል። ከአዲሱ ስብስብ መካከለኛው ቍጥር ይያዛል። ኮምፒዩተር ይህን 10,000 ጊዜ ከፈጸመ በኋላ የተገኙት መካከለኛ ቍጥሮች ከትንሹ እስከ ትልቁ ተደርድረው ከታችም ከላይም 2.5 በመቶው ሲቀነስ፣ የሚቀረው ርቀት ግምታችን ምን ያህል እንደሚታመን ያሳያል።

ነገር ግን ዕጣው የሚወጣው በማሳ ነው ወይስ በገበሬ? የአንድ ገበሬ ማሳዎች በአንድ ዘርና በአንድ ጎርፍ የተያያዙ ሆነው ሳለ ለየብቻ ዕጣ ቢወጣባቸው፣ ስሌቱ ከሚገባው በላይ ርግጠኛ መስሎ ይታያል፤ ይህንንም ዝምድና የሚያውቀው በማሳው ውስጥ የዋለው የግብርና ሰው እንጂ የቀመሩ ሊቅ አይደለም። በመንገድ ዳር ብቻ የተመረጠ ናሙናንም የዕጣው ብዛት አያቃናውም።

ስለዚህ ሁለቱ ዕውቀቶች መገናኘት አለባቸው። ጥንት በዋድላ ቅኔ የተቀኘው ደቀ መዝሙር ድጓውን ፍለጋ እዚሁ አገራችን እስካለችው ቤተልሔም በእግሩ ይጓዝ ነበር። ዛሬ ግን የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ መምህራን በወልድያ፣ የግብርናው ኮሌጅ በመርሳ፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም በሁለቱ ከተሞች መካከል በሚያገናኛቸው መንገድ ላይ ሳሉ፣ አንዱ ክፍል የሌላውን መምህር በእንግድነት እየጋበዘ ማስተማሩ የዘወትር ሥርዓት ሊሆን ይገባዋል። ትምህርቱም የግብርናው መምህር የማሳውን መዝገብ ዘርግቶ የትኛው ማሳ የማን እንደ ሆነ፣ ጎርፉም ከየት ወደ የት እንደሚወርድ በማስረዳት ቢጀመር፣ እንግዳው ሊቅም የዕጣውን አወጣጥ ከዚያ በኋላ ቢያስተምር እመርጣለሁ።