አቡ ሚህጀን መጠጥን የተወበት ቀን



ኸምር ሐራም መደረጉ በመዲና የታወጀበትን ቀን አብዛኞቻችን ሰምተናል። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) በአቡ ጦልሓ ቤት መጠጥ እየቀዳ ሳለ የለፋፊው ድምፅ ተሰማ፤ ያለው ሁሉ ተደፋ፣ የከተማዋ መንገድም ራሰ። በአንድ ጥሪ መተው ላቃተው ሰው ግን ይህ ታሪክ ሊርቀው ይችላል። የአቡ ሚህጀን አስ-ሰቀፊ ታሪክ ለእንዲህ ያለው ሰው ይቀርባል።

አቡ ሚህጀን የጣኢፍ ሰው ነው። ጣኢፍ ደግሞ የወይን አገር ናት። ጀግናም ገጣሚም ነበር፤ ስለ መጠጥም ይገጥም ነበር። ነገዱ ሰቂፍ በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲሰልም አብሮ ሰለመ፣ መጠጡ ግን አለቀቀውም። በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ደጋግሞ ተገረፈ። ይገረፋል፣ ይመለሳል።

በ15ኛው ዓ.ሂ. አካባቢ የቃዲሲያ ጦርነት ሲካሄድ በአዛዡ በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ትእዛዝ በእግር ብረት ታስሮ ነበር። (አጥ-ጠበሪ ካሰፈሯቸው ዘገባዎች አንዱ ያሳሰረው መጠጡ ሳይሆን ግጥሙ ነው ይላል።) ወንድሞቹ ሲዋጉ እሱ ተቀምጦ ይሰማል። አላስቻለውም። የሰዕድን ባለቤት ለመናት፤ ፍቺኝ፣ በሕይወት ከተረፍኩ ተመልሼ እግሬን ከብረቱ አስገባለሁ አላት። ፈታችው። በልቃእ በምትባለው የሰዕድ ፈረስ ወጥቶ የፋርስን ሰልፍ ሰነጠቀ። ማንነቱን ያላወቁ ሰዎች መልአክ ነው እስከማለት ደረሱ። ሰዕድ ታሞ ከሰገነት ላይ ሆኖ ያይ ነበርና፣ ፈረሷ በልቃእ ትመስላለች፣ አወጋጉ የአቡ ሚህጀን ነው፣ እሱ ግን ታስሯል እያለ ተደነቀ።

ውጊያው ሲበርድ አቡ ሚህጀን ተመልሶ እግሩን ራሱ ብረት ውስጥ ከተተ። እኔን ከጀግንነቱ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው። ሰካራም ቃሉን አይጠብቅም የሚባለውን ሰው እዩት! ያስገደደው ማንም አልነበረም።

ሰዕድ ነገሩን ሲሰማ ፈታው፤ ከእንግዲህ በመጠጥ ምክንያት አልገርፍህም አለው። ሰው እዚህ ላይ እፎይ ብሎ ወደ ጽዋው የሚመለስ ይመስላል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ለአቡ ሚህጀን ጅራፉ የሒሳብ መዝጊያ ሆኖ ነበር፤ ይጠጣል፣ ይገረፋል፣ ነጻሁ ይላል። ዛሬም ረመዳንን ጠብቀን የምንተው፣ ዒድ ሲያልፍ የምንመለስ፣ በሚቀጥለው ረመዳን ደግሞ የምናወራርድ አለን። ሰዕድ ያንን በር ዘጋበት። ከዚያ በኋላ የሚጠጣው ከአላህ ጋር ብቻውን ሆኖ ነው።

ለሰዕድ የሰጠው መልስ ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ሐዱ ያጠራኝ በነበረ ጊዜ እጠጣ ነበር፤ አሁን ከተውከኝ ግን ወላሂ ዳግመኛ አልቀምሳትም።