የፑሽኪን ትምህርት ቤት የእጅ መጽሔቶች

አሌክሳንደር ፑሽኪን ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ስም አይደለም። ቅድመ አያቱ አብርሃም ጋኒባል ከእኛው ሰሜን ተወሰደ ወይስ ከቻድ ሐይቅ አካባቢ የሚለው ክርክር ብዙ ብዕር አስመዝዟል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን የባለቅኔው ዘር ሳይሆን ያደገበት አዳሪ ትምህርት ቤት፣ በተለይም ተማሪዎቹ በእጃቸው ይጽፏቸው የነበሩት መጽሔቶች ናቸው።

የጻርስኮዬ ሴሎ ሊሲየም እ.ኤ.አ. በ1811 ከሴንት ፒተርስበርግ አጠገብ፣ በዛሩ ቤተ መንግሥት አንድ ክንፍ ሲከፈት 30 ወንዶች ልጆችን ተቀበለ። ደንቡ ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ ወላጆቻቸው ቤት እንዳይሄዱ ይከለክል ስለ ነበር ዓለማቸው እርስ በርሳቸው ነበሩ። ያ ዓለም ብዙ ሳይቆይ የራሱን ጋዜጠኞች አፈራ። «ልምድ የጎደለው ብዕር»፣ «ወጣት ዋናተኞች»፣ «የሊሲየሙ ጠቢብ» እየተባሉ የተሰየሙት መጽሔቶች ማተሚያ ቤት አያውቁም፤ በእጅ ተገልብጠው ከክፍል ወደ ክፍል ይዞሩ ነበር። መጀመሪያ ላይ ድርሰት መጻፍ ክልክል ነበር። ኢሊቼቭስኪ የተባለው ተማሪ በ1812 ለወዳጁ በላከው ደብዳቤ፣ ክልከላው እንዳለ ሆኖ እርሱና ፑሽኪን በስርቆሽ እንደሚጽፉ ይገልጻል። ከሁሉ የታወቀውን «ጠቢብ» በሥዕል ያስጌጠው ይኸው ልጅ ሲሆን፣ ገልባጩ ዳንዛስ ነበር። ልጆቹ ዳንዛስን «ማተሚያ ቤት»፣ ዴልቪግን ደግሞ «ሳንሱር» አድርገው መሾማቸው የትልልቆቹን ዓለም ምን ያህል እንደ ታዘቡት ያሳያል።

እውነቱን ለመናገር፣ በገጾቹ ላይ ያለው አብዛኛው የልጅ ቀልድ ነው። ፑሽኪን በሕትመት ብቅ ያለውም በ1814፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ የስሙን ተነባቢዎች ገልብጦ በመፈረም በአንድ የሞስኮ መጽሔት ላይ ነበር። የእጅ መጽሔቶቹ ዋጋ ሌላ ነው። ጸሐፊው አንባቢውን እራት ላይ ፊት ለፊት ያገኘዋል፤ ደካማ ስንኝ የጻፈ ልጅ ፍርዱን ከጓደኞቹ ፊት ያነበዋል።

ይህ ፍርድ ግን ጭካኔም ነበረው። ረጅሙ፣ ቀጭኑና ጆሮው በቅጡ የማይሰማው ቪልሄልም ኪውኸልቤከር የዘወትር መሳለቂያ ነበር። ፌዙ መርሮት አንድ ቀን ራሱን ኩሬ ውስጥ ቢወረውር ጓደኞቹ ጎትተው አወጡት፤ በመጽሔታቸው ላይም የአወጣጡ የፌዝ ሥዕል ወጣ። መምህራን ስለ ተማሪ መጽሔት ነፃነት ሲወሩ ይህችን ሥዕል ባይረሱ እወዳለሁ። እኔ ግን በእርሷ ምክንያት መጽሔቱ መዘጋት ነበረበት አልልም። ያ የተፌዘበት ልጅ ራሱ የንባብ ማስታወሻዎቹን በአንድ ወፍራም ደብተር እያጠራቀመ ለጓደኞቹ ያስነብብ ነበርና።

ከዚያ አዳሪ ቤት ሦስት የመጽሔት አዘጋጆች ወጡ። ኪውኸልቤከር ከኦዶየቭስኪ ጋር በ1824 «ምኔሞዚና»ን ጀመረ፤ ዴልቪግ «የሰሜን አበቦች»ን መራ፤ ፑሽኪን በ1836 «ዘመነኛው»ን መሠረተ። ዳንዛስ በ1837 ፑሽኪን በሞተበት የሽጉጥ ፍልሚያ አጃቢው ሆኖ ተገኘ።

ኪውኸልቤከር በታኅሣሥ 1825ቱ ዓመፅ ተካፍሎ ታሰረ። በ1827 ከምሽግ ወደ ምሽግ ሲዛወር በአንድ የፈረስ መለወጫ ጣቢያ ከፑሽኪን ጋር ድንገት ተገናኙ፤ ተቃቀፉ፤ ጠባቂዎቹም አላቀቋቸው። እስረኛው የጻፈው «ኢዦርስኪ» የተሰኘ ተውኔት በ1835 በፑሽኪን ጥረት፣ የደራሲው ስም ሳይጠቀስ ታተመ።