ሸክላ ይሉኝታ የለውም

አንባቢ ሆይ፤ በሰው ፊት የምንናገረው ውዳሴና በልባችን የያዝነው ፍርድ የተለያዩ እንደ ሆነ፣ ከሁለቱ ለታሪክ የሚተርፈው የትኛው ይመስልሃል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ታሪክ በሙዚቃ ሸክላ ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ ዛሬ እርሱን ላወጋህ አስቤአለሁ። ታሪኩ ያስቃል፤ ሳቁ ሲያልፍ ግን የሚያሳስብ ነገር ትቶ ይሄዳል። ዘመናቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ወይዘሮ ፍሎሬንስ ፎስተር ጄንኪንስ በ1868 በአሜሪካ አገር፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ዊልክስባሪ በምትባል ከተማ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸው ፒያኖ ተምረው በአደባባይ እስከ መጫወት ደርሰው ነበር። አባታቸው ግን ለሙዚቃ ትምህርት ወደ አውሮፓ አልልክም ስላሉ፣ ከአንድ ሐኪም ጋር ኮብልለው አገቡ። ትዳሩ አልሰመረም፤ ከባላቸውም ጽኑ ሕመም ተላለፈባቸው። ከዚያ በኋላ ፊላዴልፊያ ውስጥ ፒያኖ እያስተማሩ በችግር ኖሩ፤ እጃቸውም ስለ ተጎዳ በፒያኖ ተጫዋችነት የመታወቅ ተስፋቸው ተቋረጠ። አባታቸው በ1909 ሲሞቱ ግን ርስት ወረሱ። በገንዘባቸው የድምፅ ትምህርት ጀመሩ፤ በ1917ም በጣልያናዊው የኦፔራ ደራሲ በቬርዲ ስም የተሰየመ ማኅበር በኒውዮርክ አቋቋሙ።

እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ወይዘሮ ጄንኪንስ ለሙዚቃ የነበራቸው ፍቅር ልክ አልነበረውም፤ ድምፃቸው ግን ከቅኝት ይወጣል፣ ምቱንም ይስታል። ከፍ ካለው ዜማ ለመድረስ ሲሞክሩ፣ መሰላል ተሰብሮበት በአየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ሰው ይሆናሉ። ያም ሆኖ በየዓመቱ በሪትስ ካርልተን ሆቴል ለወዳጆቻቸው ይዘፍኑ ነበር። ትኬቱን የሚያድሉት ራሳቸው ስለ ነበሩ፣ የማይታወቅ ጋዜጠኛ በቀላሉ አይገባም። የተጋበዙትም ሳቃቸው እንዳይሰማ አጥብቀው ያጨበጭቡ ነበር ይባላል። አጃቢያቸው ኮስሜ ማክሙን፣ ወይዘሮዋ ሲፈጥኑ እየፈጠነ፣ ሲዘገዩም እየዘገየ፣ ፒያኖውን ከስሕተታቸው ጋር ለማስማማት ይደክም ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው።

ከ1941 እስከ 1944 ባለው ጊዜ ወይዘሮዋ ሜሎቶን በተባለ የመቅረጫ ክፍል ገብተው፣ ወጪውን ራሳቸው ከፍለው ሸክላ አስቀረጹ። ከዘፈኗቸው አንዱ፣ ሞዛርት በ1791 ቪዬና ላይ ባሳየው «አስማተኛው ዋሽንት» በተባለው ኦፔራ ውስጥ የሌሊት ንግሥት የምትዘፍነው ነው። ሞዛርት ይህን ዜማ የጻፈው ለሚስቱ እኅት ለዮሴፋ ሆፈር ነበር፤ የእርስዋም ድምፅ እጅግ ከፍ ያለና ቅልጥፍና የነበረው ነው። የሠለጠኑ ዘፋኞች እንኳ ይህን ዜማ ይፈሩታል። ወይዘሮ ጄንኪንስ ግን ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ያለ አንዳች ፍርሃት ገቡበት። ሸክላው ሲዞር የሚሰማው ዘፈን ሳይሆን፣ ከዜማው በላይና በታች የሚወድቅ ጩኸት ነው። እርሳቸው ግን በሥራቸው ረክተው ለወዳጆቻቸው አከፋፈሉት።

ምነው ራሳቸውን አልሰሙም? ትለኝ ይሆናል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ሕመማቸውና የዚያ ዘመን መድኃኒት ጆሯቸውን ጎድቶት ይሆናል ብለው ይገምታሉ። ደግሞም የገዛ ድምፃችን ወደ ጆሯችን የሚደርሰው በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩል ጭምር ስለ ሆነ፣ ሰው ሁሉ ለራሱ ወፍራምና መልካም ድምፅ ያለው ይመስለዋል። እኛ በራዲዮ የምንናገር ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን፤ ድምፁን ተቀርጾ በመጀመሪያ ሲሰማ «ይህስ የእኔ አይደለም» የማይል የለም። ስለዚህ ሰው ለራሱ ትክክለኛ ዳኛ ሊሆን አይችልም፤ የወዳጅ ጆሮ ያስፈልገዋል። ወይዘሮ ጄንኪንስ ያጡት ይህን ነው።

ጥቅምት 25 ቀን 1944 በ76 ዓመታቸው ታላቁን የካርኔጊ አዳራሽ ተከራይተው ለሕዝብ ዘፈኑ። ትኬቱ አስቀድሞ አልቆ ነበር። በዚህ ቀን ግን በሩን የሚጠብቅ ወዳጅ አልነበረምና ሕዝቡ በግልጽ ሳቀ፤ በማግሥቱም የጋዜጣ ሐያስያን አንዳች ሳይራሩ ጻፉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የልብ ሕመም ያዛቸው፤ ኅዳር 26 ቀንም ሞቱ። ለሞታቸው ምክንያቱ ነቀፌታው ነው ብሎ በእርግጠኛነት መፍረድ አይገባም። ነገር ግን ለሠላሳ ዓመት ያህል ጥቂት በጥቂት ሊነገራቸው ይችል የነበረው እውነት፣ በአንድ ሌሊት ተጠራቅሞ በላያቸው ወደቀ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ የአንዲት ሴት ዕድል ብቻ እንዳይመስልህ። በ1966 ካፒቶል የተባለው የሸክላ ኩባንያ፣ የካሊፎርኒያ ነዋሪ የሆኑትን ወይዘሮ ኤልቫ ሚለርን ሌሎች ያሳወቋቸውን የወጣት ዘፈኖች አስዘፍኖ አሳተመ። ገዢው የሚገዛው ለመሳቅ ነበር። ወይዘሮዋ ኋላ እንደ ተናገሩት፣ ሲቀርጹ ከምቱ እንዲቀድሙ ወይም እንዲዘገዩ ይነገራቸው፣ ከተቀረጸውም እጅግ የከፋው ይመረጥ ነበር። የፊተኛዋን ያሳሳታቸው የወዳጅ ይሉኝታ ነው፤ የኋለኛዋን ግን የነጋዴ ትርፍ ነው። በሁለቱም ዘንድ እውነቱን የሚያውቀው ሰው ዝም ብሏል።

ያጨበጨቡት ሰዎች ሁሉ ዛሬ የሉም፤ ጭብጨባቸውም ከአዳራሹ ሳይወጣ ጠፍቷል። የቀረው ሸክላው ነው። በ1962 አር ሲ ኤ ቪክተር የተባለው ኩባንያ እንደ ገና አሳትሞት፣ እስከ ዛሬ ድረስ ዓለም ይስቅበታል። ሸክላ ይሉኝታ የለውም፤ የሰጡትን ያንኑ ይመልሳል።

እኔ ግን ሸክላውን በሰማሁ ቍጥር የምፈርደው በወይዘሮዋ ላይ አይደለም። እርሳቸው የወደዱትን ሥራ በሙሉ ልባቸው ሠርተዋል፤ ይህ ነውር የለበትም። የምፈርደው እያወቁ ባጨበጨቡት ላይ ነው። በየመሥሪያ ቤታችንስ አለቃችን ያረቀቀውን ደካማ ደብዳቤ ወይም ጓደኛችን ያዘጋጀውን የተሳሳተ ሒሳብ «እጅግ መልካም ነው» ብለን ያሳለፍንበት ቀን የለምን? ያ ወረቀት ነገ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ በማናውቀው ሰው ፊት ሲነበብ፣ እንደ ሸክላው ያለ ይሉኝታ ይናገራል። እንግዲህ ወዳጅህን ብትወድደው፣ በሩ ተዘግቶ ሁለት ብቻችሁን ሳላችሁ፣ በአክብሮትና በለሰለሰ ቃል ጉድለቱን ንገረው። ለአንድ ቀን ቢያኮርፍህም፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ከሚስቅበት ይሻለዋል።