ደብዳቤና ሣጥኑ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የሚወረሰው ግን ካስቀመጡት ነው!

እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በኔትወርክ የመጀመሪያውን ኢሜይል ላከ። መላኩስ ተቻለ፤ ማስቀመጡ ነበር ችግሩ። በዩኒክስ ኮምፒዩተሮች የአንድ ሰው ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ይነባበር ነበር። በ1979 ብሩስ ቦርደን ካሊፎርኒያ፣ ራንድ ኮርፖሬሽን ውስጥ የጻፈው ኤምኤች የተሰኘ ፕሮግራም ግን እያንዳንዱን ደብዳቤ ቁጥር ሰጥቶ ለየብቻ አኖረው። ማኅደሩም ተራ ፎልደር ሆነ። ሥዕል የለ፣ ማውዝ የለ፤ «ሾው» ብለው ሲጽፉ ደብዳቤው ይነበባል፤ «ሪፋይል» ሲሉት ወደ ሌላ ማኅደር ይዛወራል። የተሰረዘው እንኳ ስሙ ላይ ምልክት ተደርጎበት ይቆይ ነበር፤ ለተጸጸተ ሰው ጊዜ ለመስጠት።

ዛሬ የአብዛኞቻችንን ደብዳቤ የሚያኖሩልን ኩባንያዎች ናቸው። ምቾቱን አልክድም። ግን የይለፍ ቃሉን ይዞ የሞተ አባት ልጆች ምን ይወርሳሉ?