ልጅን ከማስመዝገብ በፊት፦ ከኬንያ የትምህርት ታሪክ

በናይሮቢ ከተማ በሳውዝ ሲ ሰፈር የሚኖር ወላጅ ልጁን በመንግሥት ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ሲያስመዘግብ፣ ተማሪው ከፈተናው ሌላ በእጁ በሚሠራው ሥራም እንደሚመዘን ይነገረዋል። ይህ ሥርዓት በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የተጀመረው በጥር 2023 ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ሐሳቡ ግን ቀደም ያለ ነው። በ1981 በካናዳዊው ኮሊን ማካይ የተመራው ኮሚሽን ባቀረበው ሐሳብ መሠረት በ1985 «8-4-4» የተባለው ሥርዓት ተተከለ። እርሻ፣ የቤት አያያዝና የእጅ ጥበብ የክፍል ትምህርት ሆኑ። ወርክሾፕ የመሥራቱና መሣሪያ የመግዛቱ ሸክም ግን በአመዛኙ በወላጆች ላይ ወደቀ፤ በ«ሐራምቤ»፣ ማለትም በመዋጮ። አቅም ያለው ሰፈር ሠራ፤ የሌለው ቀረ። የስምንተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የልጁን ዕድል የሚወስን በመሆኑም ሽምደዳው በረታ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተግባር ትምህርቶቹ ተቀነሱ፤ ፈተናውም በ2023 ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጠ።

አዲሶቹ ክፍሎች የተከፈቱት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ ስለሆነ፣ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ዛሬም ያስጨንቃል።

ስለዚህ ወላጅ ሲያስመዘግብ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ዕቃውን የሚያቀርበው ማን ነው? የልጁን ሥራ በቅርብ የሚያይ መምህርስ አለ ወይ? መልሱን አስቀድሞ ማዘጋጀት የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው።