የሠሪው ስም፤ ከትክል ድንጋይ እስከ ጠፈር ጨዋታ

በጌዴኦ ዞን፣ በዲላ ከተማ አካባቢ፣ በጨልባ ቱቲቲና በቱቱ ፈላ ተተክለው የሚታዩት ድንጋዮች የጥንቱ ሕዝብ በእጁ ጥበብ የደረሰበትን ደረጃ የሚመሰክሩ ቅርሶች ናቸው። በሳካሮ ሶዶ የተካሄደው ጥናት ከእንደነዚህ ዓይነቶቹ ትክሎች አንዳንዶቹ ወደ 2,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንዳላቸው አመልክቷል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ በቱቱ ፈላ ድንጋይ ላይ የሰውን መልክ የቀረጸው ባለሙያ ማን ይባል እንደነበር የሚናገር ጽሑፍ የለም። ሥራው ቆሟል፤ የሠሪውን ስም ግን ዘመን ውጦታል።

ለመሆኑ የሠሪን ስም የሚውጠው ዘመን ብቻ ነውን? ሠሪው በሕይወት እያለ፣ ሥራውም በሚሊዮኖች ቤት ገብቶ ሳለ፣ ስሙ ሆን ተብሎ የተሰወረበት ጊዜ አለ። በቅርቡ ዘመን ከተወለዱት ጥበቦች አንዱ የሆነው የቴሌቪዥን ጨዋታ ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓናዊው መሐንዲስ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ታይቶ ለተባለው ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ»፣ ማለትም «የጠፈር ወራሪዎች» የተሰኘውን ጨዋታ ሠራ። በአምስት ረድፍ የተሰለፉ 55 ወራሪዎች ወዲያና ወዲህ እያሉ ወደ ምድር ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹም በአንዲት መድፍ ይከላከላቸዋል። የወራሪዎቹ ቁጥር ባነሰ መጠን መሣሪያው የሚሥለው ስለሚቀንስለት ሩጫቸው እየፈጠነ ይሄዳል። ኒሺካዶ ይህን የመሣሪያውን ጠባይ እንደ ጉድለት ቆጥሮ አላስወገደውም፤ የጨዋታው ነፍስ አደረገው።

ይኸው ጨዋታ በ1980 ከመዝናኛ አዳራሽ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1977 ጀምሮ ይሸጠው ለነበረው፣ ከቴሌቪዥን ጋር ለሚገናኘው መሣሪያ ጨዋታውን እንደ አዲስ የሠራው ሪክ ሞረር የተባለ የፕሮግራም ባለሙያ ነበር። ሥራው ቀላል አልነበረም። የመሣሪያው ጊዜያዊ ማስታወሻ 128 ባይት ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከሁለት አጫጭር የላቲን ፊደል መስመሮች የማይበልጥ ጽሑፍ የሚይዝ ነው። የሙሉ ሥዕል ማኖሪያ ስላልነበረው ፕሮግራሙ ቴሌቪዥኑ እያንዳንዱን መስመር በሚሥልበት ቅጽበት አብሮ መሥራት ግዴታው ሆነ። መሣሪያው የሚያውቃቸው ዋና ዋና ተንቀሳቃሽ ሥዕሎችም ሁለት ብቻ ነበሩ። ነገር ግን እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ጎን ለጎን መድገም ይቻል ነበርና በአንድ ረድፍ ስድስት ወራሪዎች ተገኙ፤ በስድስት ረድፍም 36 ሆኑ። ጠራቢ የድንጋዩን ጠባይ አጥንቶ እንደሚቀርጽ ሁሉ፣ ሞረርም የመሣሪያውን ጠባይ አጥንቶ ቀረጸ።

ካሴቱ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በማሸጊያው ላይ የታተመው ግን የኩባንያው ስም እንጂ የሞረር ስም አልነበረም። የኩባንያው ልማድ ይኸው ነበር። ዴቪድ ክሬን፣ ላሪ ካፕላን፣ አለን ሚለርና ቦብ ኋይትሄድ የተባሉ አራት ባልደረቦች ለሥራቸው እውቅናና ተገቢ ክፍያ ጠይቀው ባለማግኘታቸው በ1979 ወጥተው አክቲቪዥን የተባለውን ድርጅት ከሌሎች ጋር አቋቋሙ፤ የሠሪውንም ስም ለተጫዋቹ በይፋ ማሳወቅ ጀመሩ። ዋረን ሮቢኔት የተባለው ሌላው ባለሙያ ደግሞ «አድቬንቸር» በተሰኘው ጨዋታው ውስጥ አንድ ምስጢራዊ ክፍል ሠርቶ ስሙን ከዚያ ጻፈ። አለቆቹ አላወቁም፤ ምስጢሩን ያገኙት ተጫዋቾች ናቸው።

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍ ጎን አሰልፎ፣ የሥራው አመንጪ በስሙ የመታወቅ የሞራል መብት እንዳለው ደንግጓል። ሕጉ ግን ሕይወት የሚያገኘው በልማድ ነው። መምህሩ የተማሪውን ሥዕል ግድግዳ ላይ ሲሰቅል፣ የባህል ኪነት ቡድን መሪም ዜማውን ለመድረክ ሲያበቃ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። በዲላ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ፕሮግራም መጻፍ የሚማረው ወጣት ነገ በሚሠራው ሥራ ላይ ስሙን በምስጢር ክፍል መደበቅ አይገባውም። የቱቱ ፈላን ጠራቢ ስም መመለስ አይቻልም፤ የዛሬውን ማስቀረት ግን ይቻላል።