የጎሬ ክረምት

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ ሁሩሙዎች፣ መቱዎች፣ ጎሬዎች። በዚህ አገር ማኅበር ብርቅ አይደለም። እድሩ አለ፣ እቁቡ አለ፣ ጽዋው አለ፣ ደቦው አለ። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያወጣ፣ የቀረውን የሚቀጣ፣ ዳኛውንና ጸሐፊውን በድምፅ የሚመርጥ ሁሉ ማኅበር ነው። በሩቁም ዓለም ሰው ያለ ማኅበር አልኖረም። ፍሪሜሶን የሚባሉት እንኳ በየትንንሹ ከተማ ቤት ሠርተው፣ ሕግ ጽፈው፣ አለቃ ሾመው ሲኖሩ ስንት ዘመናቸው! ሙሶሊኒ ኢጣሊያን እንደ ያዘ ካሳደዳቸው ውስጥ እነዚህ ነበሩ፤ በፈረንጆች 1925 በወጣ ሕግ ማኅበራቸውን አፈረሰው። ከእርሱ ፈቃድ ውጭ በቃል የተሳሰረ ሰው አይወድም ነበር።

ይኸው ሰው ጦሩን ወደ እኛ ሲልክ ግን፣ በዚህ በምዕራቡ በኩል ሌላ ማኅበር ቆየው። ስሙ ጥቁር አንበሳ ነው። ዛሬ ይህን ስም ስትሰሙ ልባችሁ ወደ አዲስ አበባው ሆስፒታል እንደሚሄድ አውቃለሁ። እኔ የምላችሁ ግን ስለ ሰዎቹ ነው፤ አሥር አንቀጽ ሕግ ጽፈው በዝናብ ስለ ተዋጉት ወጣቶች።

ዘመኑ 1928 ዓመተ ምሕረት ነው። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተሰበረ። ሚያዝያ 24 ቀን ጃንሆይ በባቡር ወደ ጂቡቲ ወረዱ፤ በሦስተኛው ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር ተቆርጦ ነበር፤ መንግሥቱ ወደ ጎሬ ይዛወር ተብሎ። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴም እንደራሴ ሆኑ።

ለምን ጎሬ? እናንተ አገሩን ታውቁታላችሁ። ጎሬ ያን ጊዜ የኢሉባቦር ራስ ነበረች፤ መቱ ገና ተራዋን ትጠብቃለች። ራስ ተሰማ ናደው የተቀመጡባት ከተማ ናት። ግሪኩም አርመኑም ሱቅ ከፍቶባታል፣ የእንግሊዝ ቆንስላ ባንዲራውን ሰቅሎባታል። ይህ ሁሉ የመጣው በቡናው ምክንያት ነው። ከዚህ ከሁሩሙና ከያዮ ጫካ የተለቀመው ቡና በአጋሰስ ጎሬ ይደርሳል፤ ከጎሬ ቁልቁል ጋምቤላ ይወርዳል። ጎሬ ከባሕር ጠለል 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ጋምቤላ ደግሞ 500 ገደማ፤ ደጋውን ለቆ ቆላ መግባት ነው። ጋምቤላ ላይ በ1894 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዞች ውል መሠረት የተሰጠ የንግድ ጣቢያ ነበረ። ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ይመጣል፣ ጨውና አቡጀዲ ያራግፋል፣ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ስለዚህ ጎሬ የኋላ በር ያላት ከተማ ናት። ይህን በር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጎሬ ላይ ሽማግሌው ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ የመንግሥቱ ፕሬዚዳንት ሆነው ተቀመጡ። ገንዘብ የለም፣ ጥይት የለም፣ ያለው ዝናብ ብቻ ነው። ዝናቡ ግን ዋዛ አልነበረም። የጠላት መኪና በምዕራቡ ጭቃ መውጣት ስላልቻለ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይህ አገር ሳይያዝ ከረመ።

አሁን ወደ ልጆቹ እንምጣ። ሆለታ ገነት ላይ በ1927 በስዊድን መኮንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። አዲስ አበባ ስትወድቅ ከእነርሱ የተረፉት ወደ ምዕራብ አመሩ፤ ወለጋ ውስጥ ነቀምቴ ላይ ከውጭ አገር ተምረው ከመጡ ወጣቶች ጋር ተገናኙ። ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ እንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩ ናቸው። ይልማ ዴሬሳ ለንደን ላይ ኢኮኖሚክስ ተምረው የመጡ የወለጋ ልጅ ናቸው። በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበሩት የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሁለት ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍም ነበሩ። ከጦሩ በኩል ሌተና ኮሎኔል በላይ ኃይለ አብ፣ ሻምበል ክፍሌ ናሲቡና ሌሎችም አሉ።

እነዚህ ሰዎች ተሰብስበው መጀመሪያ ያደረጉት ምን ይመስላችኋል? ፉከራ አይደለም፣ ሹመት ማደልም አይደለም። ተቀምጠው ሕግ ጻፉ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሐኪሙ ዓለመወርቅ ሆኑ፤ ኮሎኔሉ በላይ የጦሩን ሥራ ያዙ። የሕጉም አንዱ መሠረት ይኸው ነው፦ ጦሩ ለፖለቲካው አመራር ይታዘዛል፣ ጠመንጃ የያዘው ብዕር በያዘው ላይ አያዝም። አገር በጠፋበት ሰዓት፣ አዛዥ ሁሉ በራሱ ጦር ንጉሥ በሆነበት ሰዓት፣ ይህን መጻፍ እንዴት ያለ ልብ ይጠይቃል!

ሁለተኛው ነገር ገበሬው አይበደል የሚለው ነው። ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን ወታደር ደመወዙ የገበሬው ጎተራ ነው። ሠራዊት በመንደር ካለፈ ዶሮው፣ እህሉ፣ በሬው አብሮ ያልፋል። ልጆቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ አንዳንዱ የገበሬ ልጅ ነበርና። የተማረከ ጠላትም በሰውነቱ እንዲያዝ ጻፉ፤ ያውም መርዝ ጢስ ከሰማይ ካወረደባቸው ጠላት ጋር ሆነው። በመጨረሻም በራሳቸው ላይ ከበድ ያለውን አኖሩ፤ ወደ ባዕድ አገር መሰደድ የለም፣ ከመማረክ ራስን ማጥፋት ይሻላል።

ሰኔ ላይ ፈተናው መጣ። የሌቃው ገዥ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ከኢጣሊያኖች ጋር ተላልከው ስለ ነበር፣ ጠላት ነቀምቴን ያለ ውጊያ ልይዝ ነው ብሎ ተነሣ። ሦስት አውሮፕላን ነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ ሜዳ ላይ አረፈ። የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮ በውስጡ ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቪየና ላይ በመብረር አገሩ የሚያሞግሰው ሎካቴሊም ነበር። አውሮፕላናቸው ሥር አደሩ። ለሰኔ 20 አጥቢያ የጥቁር አንበሳ ልጆች በጨለማ ደረሱባቸው። ሦስቱም አውሮፕላን ተቃጠለ፤ አሥራ ሁለት ኢጣሊያኖች ሞቱ። ከመጡት መካከል አንድ ካህን ብቻ፣ አባ ቦሬሎ፣ በሕይወት ተረፉ።

አሁን ቀኑን ያዙት። ሰኔ 23 ቀን፣ ቦናያ ላይ ያ ብረት ገና ሳይዝግ፣ ጃንሆይ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆሙ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ኢትዮጵያ የምትባል መንግሥት አልቃለች እየተባለ ይወራ ነበር። ያላለቀች መሆኗን የሚያሳዩት ደግሞ እነማን ናቸው? ጎሬ ላይ በዝናብ የተቀመጡት ሽማግሌና ወለጋ ላይ አሥር አንቀጽ በኪሳቸው የያዙት ልጆች። የመንግሥታቱ ማኅበር ግን በዚያው ወር በኢጣሊያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ለማንሣት ወሰነ። ይህን ስናገር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ራስ እምሩ ሽሬ ላይ ተዋግተው፣ ጎጃምን አቋርጠው የተረፈ ሠራዊታቸውን ይዘው መጥተው ነበር። የጥቁር አንበሳ ማኅበር ምሩን ብሎ ጠየቃቸው። ራስ የሚያህል ሰው፣ የጃንሆይ የቅርብ ዘመድ፣ ከሕጉ ጋር እንዲቀበሉት ነው የተጠየቁት። ተቀበሉ። በእኔ አስተያየት ከቦናያው እሳት የሚበልጠው ይህ ነው፤ መኳንንት በሊቃውንት ልጆች ሕግ ሥር ሲገባ በአገራችን ብዙ ጊዜ አላየንም።

እንግዲህ ያ የኋላ በር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ከጎሬ ቁልቁል ጋምቤላ፣ ከጋምቤላ ሱዳን፤ መንገዱ ክፍት ነው። ባሮ ሞልቷል። ብዙ ሰው በዚያ ወረደ፣ አልፈርድበትም። ጥቁር አንበሳዎቹ ግን ሕጋቸው አይሰደድም ይላል። ከጎሬ ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ቆላውን ቁልቁል ማየት፣ መዳኛውን በዓይን ማየት፣ ከዚያ ፊትን ወደ ምሥራቅ መልሶ ወደ ጠላት መሄድ ምን እንደሆነ አገሩን የምታውቁት እናንተ ገምቱት።

አሁን የሚከብደኝን ልንገራችሁ። ይህን ታሪክ አዲስ አበባ ላይ የሚናገሩት ሰዎች እዚህ ጋ ፈጠን ይላሉ፤ እኔ አልፈጥንም። ራስ እምሩና ልጆቹ ያለፉበት አገር እጁን ዘርግቶ አልተቀበላቸውም። የምዕራብ ኦሮሞ መሪዎች በጎሬው የእንግሊዝ ቆንስል በካፒቴን ኤርስኪን በኩል ለመንግሥታቱ ማኅበር ጽፈው፣ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር እንሁን ብለው ነበር። ለምን? ምክንያቱ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ነፍጠኛው ሲሰፍርበት፣ ገባሩ መሬቱን አጥቶ ሲገብር፣ ማር ከጫካው፣ ቡና ከጓሮው ሲወሰድ የኖረ አገር ነው። ከማይጨው ወዲህ ደግሞ የተሰበረው ወታደር እየዘረፈ አለፈበት። ልጆቹ ገበሬው አይበደል ብለው መጻፋቸው ትክክል ነበር። ግን ገበሬው የዚያ ማኅበር አባል አልነበረም። ሕጉ ስለ እርሱ ተጻፈ እንጂ ከእርሱ ጋር አልተጻፈም። ከሃምሳ ዓመት በፊት የተበደለ አባት ያለው ሰው፣ አሥር አንቀጽ የያዘ ወጣት በበሩ ሲያልፍ የቀድሞውን ወታደር ቢያይበት ምን ይደንቃል? እነዚያን ለእንግሊዝ የጻፉትን መሪዎች ከሃዲ ብዬ አልጠራም። ልጆቹንም ከዚያ በደል ጋር አልቀላቅላቸውም።

ክረምቱ ወጣ፤ መንገዱ ደረቀ፤ ጠላት ተነሣ። በኅዳር 1929 ኢጣሊያኖች ጎሬ ገቡ። ራስ እምሩና ጥቁር አንበሳዎቹ ወደ ከፋ በኩል እየተጓዙ ነበር። ከኋላ ጠላት፣ ከጎን የማይወዳቸው አገር፣ ከላይ አውሮፕላን። ስንቅ አለቀ፣ ጥይት አለቀ። ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበቡ። በታኅሣሥ ራስ እምሩ የተከተላቸውን ሰው ሕይወት ለማትረፍ እጃቸውን ሰጡ።

ታዲያ ከመማረክ ራስን ማጥፋት የሚለው አንቀጽስ? የሚል ሰው ይኖራል፤ አውቃለሁ። እኔ ለዚህ መልስ አለኝ። ያን አንቀጽ የጻፉት ስለ ራሳቸው ብቻ ነበር። ጎጀብ ላይ ግን ብቻቸውን አልነበሩም፤ ቁስለኛው፣ የተራበው፣ ጠመንጃ ያልያዘው ሁሉ ከኋላቸው ነበር። ሰው ለማዳን የፈረሰ አንቀጽ በእኔ ዘንድ እንደ ፈረሰ አይቆጠርም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው፤ መራራም ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ውስጥ በኢጣሊያው ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር ጠላት የተማረውን ሰው እየለቀመ ገደለ። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍ ተረሸኑ፤ አባታቸው ያን ጊዜ ለንደን ላይ ነበሩ። ከሆለታ መኮንኖችም ብዙዎቹ አብረው ሄዱ። ራስ እምሩ ወደ ኢጣሊያ ተወስደው ፖንዛ በምትባል ደሴት ታሰሩ። በፈረንጆች 1943 ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ፣ የገዛ አገሩ ሰዎች አስረው ወስደው ያስቀመጡት ራስ እምሩ በኖሩባት ቤት ውስጥ ነው። ራስ እምሩም በዚያው ዓመት ነፃ ወጥተው ኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይልማ ዴሬሳም ከግዞት ተርፈው ኋላ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ።

የመኮንኖቹ ወገን እንዲህ ተጽፏል። የገበሬው ወገን ግን፣ ሠራዊቱ በደጁ ሲያልፍ ምን እንዳየ፣ ምን እንደ ሰጠ፣ ምን እንደ ተወሰደበት፣ በእናንተ አያቶች አፍ ነው የኖረው። ከያዮ እስከ ጎሬ ድረስ ካላችሁት መካከል አያቱ ያን ክረምት የነገረው ሰው ካለ፣ ከዚህ በኋላ ተራው የእርሱ ነው፤ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።